የስም ዋጋ፤ ባለ ዝና የልብስና የቦርሳ ቤቶች ገዢን የሚስቡበት ምሥጢር

በገበያ የቆየ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲወደድ ገዢው ይቀንሳል፤ ሲረክስም ገዢው ይበዛል። በእህል፣ በጨው፣ በአቡጀዲና በሚስማር ንግድ ይህ ደንብ እምብዛም ሳይዛነፍ ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን ከዚህ ደንብ ያፈነገጠ የሚመስል አንድ የንግድ ዓይነት አለ፤ እርሱም በፓሪስ፣ በሚላኖና በለንደን አድጎ ዛሬ በዓለም ታላላቅ ከተሞች ሁሉ መደብር የዘረጋው የቅንጦት ልብስ፣ የቦርሳና የጫማ ንግድ ነው። በዚህ ንግድ የዋጋው መወደድ ገዢን ማራቁ ቀርቶ ሊያቀርበው ይችላል፤ ዕቃው ከመደርደሪያ መታጣቱም ባለቤቱን በመጉዳት ፈንታ ሊጠቅመው ይችላል።

የንግዱ ስፋት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሉዊ ቪቶንንና ክሪስቲያን ዲዮርን ጨምሮ አያሌ ቤቶችን በአንድ ጥላ ሥር የሚያስተዳድረው ኤል ቪ ኤም ኤች የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2024 ዓ. ም. ያደረገው ሽያጭ 84.7 ቢሊዮን ዩሮ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት ኤርሜስ የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ቤት 15.2 ቢሊዮን ዩሮ ሸጦ፣ ከየመቶው ዩሮ አርባ ያህሉን የሥራ ትርፍ አድርጎ አስቀርቷል። ከየመቶው አርባ ማትረፍ ለተራ ልብስ ነጋዴ በሕልም እንኳ የሚታሰብ ነገር አይደለም። እንግዲህ ገዢው ከቆዳው፣ ከክሩና ከእጅ ሥራው በላይ የሚከፍለው ይህ ሁሉ ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? የሚለውን ጥያቄ መመርመር ለማንኛውም ነጋዴ የሚጠቅም ነው።

የነገሩ አጀማመር ከአንድ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ ጋር የተያያዘ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ በፓሪስ አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ልብስ ማሰፋት በፈለገች ጊዜ ጨርቁን ራሷ ከጨርቅ ነጋዴ ገዝታ፣ ቅዱንም ራሷ መርጣ፣ ልብስ ሰፊዋን ወደ ቤቷ ታስጠራ ነበር። ሰፊዋ ታዛዥ ነበረች እንጂ ባለ ስም አልነበረችም። ቻርልስ ፍሬዴሪክ ዎርዝ የተባለው ሰው በ1845 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ወደ ፓሪስ ሄዶ በጨርቅ መደብር ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ፣ በ1858 ዓ. ም. ከአንድ ስዊድናዊ ባልንጀራው ጋር ሩ ደ ላ ፔ በተባለው መንገድ የራሱን ቤት ከፈተ። ቅዱን ራሱ ያወጣል፤ የተሰፋውንም ልብስ ለወጣት ሴቶች አልብሶ በደንበኞቹ ፊት ያሳያል፤ ወይዛዝርቱ ወደ እርሱ ይመጣሉ እንጂ እርሱ ወደ እነርሱ አይሄድም። የንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ባለቤት እቴጌ ኤውጄኒ ደንበኛው ከሆኑ ወዲህ ዝናው በኤውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ተሰማ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የዎርዝ ሥራ ግን ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ሠዓሊ በሥዕሉ ጥግ ስሙን እንደሚጽፍ፣ ዎርዝም ስሙ የተጻፈበትን ጥብጣብ በልብሱ ውስጥ ሰፋበት። ጥብጣቡ ለተመልካች አይታይም፤ ለባሿ ግን ታውቀዋለች፤ ለወዳጆቿም ትነግራቸዋለች። ከዚያን ቀን አንሥቶ ልብሱ ሁለት ዋጋ ያለው ሆነ ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የጨርቁና የስፌቱ ዋጋ፣ ሁለተኛውም የጥብጣቡ ዋጋ።

በዚያው ዘመን ሉዊ ቪቶን ስሙን ከልብስ ውስጥ አውጥቶ በአደባባይ ወደሚታይበት ስፍራ የወሰደ ቤት መሠረተ። ሉዊ ቪቶን በ1821 ዓ. ም. በፈረንሳይ ተራራማ ክፍል በዡራ የተወለደ የገጠር ልጅ ሲሆን፣ ገና በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ በእግሩ እየተጓዘ ፓሪስ ከገባ በኋላ ሳጥን ለሚሠራና የመንገደኞችን ጓዝ ለሚያሰናዳ ባለሙያ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1854 ዓ. ም. የራሱን ሥራ ጀመረ። የዚያን ጊዜው የመንገድ ሳጥን ዝናብ እንዲያንሸራትት ክዳኑ እንደ ጉልላት የጎበጠ ስለ ነበረ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር አይቻልም ነበር። ቪቶን ግን የባቡርና የመርከብ ጉዞ መስፋፋቱን ተመልክቶ፣ ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነና ውሃ በማያስገባ ሸራ የተለበጠ ሳጥን ሠራ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ያለው፣ በችግር ላይ የተመሠረተ ፈጠራ ነበር። የዛሬዎቹ ባለ ዝና ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ትክክለኛ ሙያ መጀመራቸውን መዘንጋት አይገባም፤ ኤርሜስ በ1837 ዓ. ም. የተነሣው የፈረስ ዕቃ በመሥራት ነው፤ የእንግሊዙ በርበሪም ጋባርዲን የተባለውን ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ በ1879 ዓ. ም. በማውጣቱ ነው የታወቀው።

መልካም ዕቃ በወጣ ጊዜ አስመሳይ ወዲያው ይከተላል። የቪቶንን ግራጫ ሸራ ሌሎች ቢቀዱት ባለ ጭረት አደረገው፤ ጭረቱን ቢቀዱት በ1888 ዓ. ም. እንደ ዳማ መጫወቻ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ አወጣ፤ እርሱንም ቀዱት። ሉዊ ካረፈ በኋላ ልጁ ዦርዥ በ1896 ዓ. ም. ኤልና ቪ የተባሉትን የአባቱን የስም ፊደላት አጠላልፎ፣ ከአበባ ቅርጾች ጋር በሸራው ሁሉ ላይ ዘራቸው። የዚህ ሐሳብ ዋና ምክንያት አስመሳዮችን መከላከል ነበር። ነገሩ የሚያስገርመው፣ ሌባን እንዲያግድ የታሰበው ያ ንድፍ ከጊዜ በኋላ በዓለም ገበያ እጅግ ከሚሰረቁት ምልክቶች አንዱ ለመሆን መብቃቱ ነው። ይሁን እንጂ የዦርዥ ሥራ ያላሰበውን ሌላ ነገር አስከተለ። የባለቤትነት ማኅተም የነበረው ምልክት ጌጥ ሆነ፤ ገዢውም የአምራቹን ስም በእጁ አንጠልጥሎ በአደባባይ የሚዞር፣ ለዚህም ሥራው ደመወዝ በመቀበል ፈንታ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሆነ። ለማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ይህን ነገር ቆም ብሎ ሊያስበው ይገባዋል።

ገዢው ይህን የሚያደርግበትን ምክንያት ሊቃውንት መመርመር የጀመሩት ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ቶርስታይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1899 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ባለጸጎች ብዙውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለጥቅም ሳይሆን ለመታየት መሆኑን ተናገረ። በእርሱ አስተያየት ሀብት በሣጥን ተቆልፎ ቢቀመጥ ክብር አያስገኝም፤ ክብር የሚገኘው ሌላው ሰው ሲያየው ነው። ስለዚህ ውድ ልብስ የሚገዛ ሰው ውድነቱን ራሱን ይገዛል ማለት ነው። በ1950 ዓ. ም. ደግሞ ሃርቪ ላይበንስታይን የተባለ ሌላ ሊቅ ነገሩን ይበልጥ አፍታቶ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሦስት ጠባዮችን ለየ። አንዱ ገዢ ሌሎች ስለ ያዙት ይገዛል፤ ሁለተኛው ሌሎች ስላልያዙት ይገዛል፤ ሦስተኛው ዋጋው ውድ መሆኑ ስለሚታወቅ ይገዛል።

ይህ ጠባይ የፓሪስ ወይዛዝርት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ በአዲስ አበባ በሠርግና በጥምቀት ቀን የሚለበሰውን የሐበሻ ቀሚስ ይመልከት። የጥበቡን ስፋት፣ የክሩን ቅጥነትና የሸማኔውን እጅ አይታ ዋጋውን በልቧ የማትገምት እናት አትገኝም። ልዩነቱ፣ በጥበቡ ላይ የሸማኔው ስም አለመጻፉ ነው።

የቅንጦት ንግድ ትልቁ ብልኃት ላይበንስታይን የለያቸውን እነዚያን ሦስት ጠባዮች በአንድ ጊዜ መያዝ ነው። ስሙን ሁሉም ሰው ማወቅ አለበት፤ የማይገዛው ሰው ካላወቀው የሚገዛው ሰው የሚኮራበት ነገር ያጣልና። ዕቃውን ግን ሁሉም ሰው ሊይዘው አይገባም። ስለዚህ ማስታወቂያው ከሚገዙት ሰዎች እጅግ ለሚበዙ ሰዎች ይነገራል፤ ይህም በተራ ንግድ እንደ ብክነት የሚቆጠር፣ በዚህ ንግድ ግን የሥራው ዋና ክፍል የሆነ ነገር ነው።

ይህን ሚዛን ከሁሉ አብልጦ ጠብቆ የቆየው ኤርሜስ ይመስላል። የዚህ ቤት የቆዳ ሥራ መሠረቱ የኮርቻ ስፌት ነው። የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሰፋል፤ አንዱ ክር ሲበጠስ ስፌቱ እየተተረተረ ይሄዳል። የኮርቻ ሰፊ ግን በሰም የታሸ አንድ የተልባ ክር ይዞ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ ሰክቶ፣ በየቀዳዳው ሁለቱን መርፌዎች ግራና ቀኝ ያስተላልፋል፤ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። ቦርሳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ባለሙያ ሲሆን፣ የእርሱም ምልክት በቦርሳው ውስጥ ይታተምበታል፤ ከዓመታት በኋላ ለጥገና ሲመለስ ማን እንደ ሠራው ይታወቃል። ይህ እውነተኛ የሥራ ጥራት ነው፤ በቤቱም ላይ የሚነገረው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

በጥራቱ ላይ ደግሞ ታሪክ ተጨምሮበታል። በ1956 ዓ. ም. የፊልም ተዋናይ የነበረችውና የሞናኮ ልዕልት የሆነችው ግሬስ ኬሊ ከቤቱ ቦርሳዎች አንዱን ይዛ ፎቶግራፍ ተነሣች፤ ፎቶግራፉም በዓለም ዞረ፤ ሰዎች ቦርሳውን በእርሷ ስም ይጠሩት ጀመር። ቤቱ ግን አልቸኮለም፤ የቦርሳውን ስም በይፋ ኬሊ ያለው በ1977 ዓ. ም. ነው። ቢርኪን የተባለው ሌላው ቦርሳ በ1984 ዓ. ም. የወጣው፣ የቤቱ አለቃ ዣን ሉዊ ዱማ በአውሮፕላን ላይ ከዘፋኝና ተዋናይ ጄን ቢርኪን አጠገብ ተቀምጦ፣ ዕቃዋን ሁሉ የሚይዝላት ቦርሳ ማጣቷን ከነገረችው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በገንዘብ አይገዛም፤ የሚተላለፈውም ከአፍ ወደ አፍ ነው።

ይህንኑ ቦርሳ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ መደብር ቢገባ እንኳ ወዲያው አንሥቶ ሊወጣ አይችልም። በመስኮት አይደረደርም፤ ሻጩ ደንበኛውን ካወቀ በኋላ ሲገኝ ይነግረዋል። ገዢ ሻጭን የሚለማመጥበት ገበያ በሰላም ጊዜ እምብዛም አይታይም። እጥረቱ በከፊል እውነተኛ ነው፤ የኮርቻ ስፌት የሚችል ባለሙያ በአንድ ቀን አይወጣምና። በከፊል ደግሞ የፈቃድ ነው፤ ቤቱ ምርቱን በፍጥነት አብዝቶ የዛሬን ሽያጭ ከማሳደግ ይልቅ የነገን ዋጋ መጠበቅ መርጧል። በ2024 ዓ. ም. የቅንጦት ገበያ በጠቅላላው ሲቀዘቅዝና የኤል ቪ ኤም ኤች ሽያጭ ከቀደመው ዓመት ሲያንስ፣ የኤርሜስ ሽያጭ ከፍ ማለቱ በዚህ መንገድ መጽናት ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል።

ስምን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ቤት የደረሰበትን ለማወቅ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጋብሪኤል ሻኔል ቁጥር 5 የተባለውን ሽቶ በ1921 ዓ. ም. አወጣች። ሽቶው የልብሷን ዋጋ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የስሟን ጠብታ የሚሸጥ ነበር ማለት ይቻላል። በ1924 ዓ. ም. ሽቶውን በብዛት ለማምረትና ለመሸጥ ኩባንያ ሲቋቋም፣ ገንዘብና ፋብሪካ የነበራቸው የቨርታይመር ወንድማማቾች ከመቶ 70፣ ያገናኛቸው የመደብር ባለቤት ከመቶ 20 ሲወስዱ፣ የስሙ ባለቤት ሻኔል የደረሳት ከመቶ 10 ብቻ ነበር። ስሙ ሽቶውን እንጂ ሽቶው ስሙን እንደማይሸጠው ዘግይታ ስለ ተረዳች፣ ውሉን ለማስለወጥ ብዙ ዓመት ስትሟገት ኖራለች።

ክሪስቲያን ዲዮር ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ነበረ። በ1947 ዓ. ም. ባሳየው የመጀመሪያ የልብስ ትርኢት በአንድ ቀን ዝነኛ ከሆነ በኋላ፣ አንድ የአሜሪካ የሴት ካልሲ አምራች ስሙን እንዲያከራየው በጠየቀው ጊዜ፣ ቁርጥ ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ ከሽያጩ ድርሻ እንዲከፈለው ተዋዋለ። ስምን በፈቃድ የማከራየት ሥራ ከዚያ ወዲህ በፋሽን ዓለም ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የስሙ ባለቤት ፋብሪካ አይሠራም፣ ጥሬ ዕቃ አይገዛም፣ ዕዳ አይገባም፤ ሌላው አምርቶ በእርሱ ስም ይሸጥና ከየሽያጩ ድርሻውን ይልካል። ቀላል ገንዘብ ስለ ሆነም መጠን የለውም።

በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደው ፒዬር ካርዳን ነው። ካርዳን በ1922 ዓ. ም. በኢጣልያ ተወልዶ በፈረንሳይ ያደገ፣ ከዲዮር ጋር የሠራ፣ በ1950 ዓ. ም. የራሱን ቤት የከፈተ፣ በችሎታው ማንም የማይጠራጠረው ሰው ነበር። በ1959 ዓ. ም. ፕሬንታን በተባለው የፓሪስ ታላቅ መደብር ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በማቅረብ የታወቁ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ለጥቂቶች ብቻ ነው የሚለውን ልማድ ሰበረ። ይህ ድፍረት ሊመሰገን የሚገባው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስሙን በክራባት፣ በሸሚዝ፣ በብዕር፣ በሰዓት፣ በመጥበሻና በሲጋራ ላይ ሳይቀር እንዲታተም ፈቀደ፤ የፈቃድ ውሎቹም ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከ800 በላይ ደረሱ። ካርዳን እጅግ ሀብታም ሆነ። ስሙም በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው የያዘውን ስም ለመያዝ ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍል ሰው እየጠፋ ሄደ። በ2011 ዓ. ም. ድርጅቱን በአንድ ቢሊዮን ዩሮ ለመሸጥ ቢያቀርብ በዚያ ዋጋ የሚወስድ አልተገኘም፤ በ2020 ዓ. ም. በ98 ዓመቱ እስኪያርፍም ድረስ ባለቤቱ እርሱ ራሱ ነበር። ካርዳን ሞኝ ነጋዴ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የስሙን ፍሬ በሕይወቱ ዘመን በላው፤ የዘሩን እህል ጭምር።

ጉቺ በዚያው ገደል አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ቤት ነው። በ1921 ዓ. ም. በፊሬንዜ ተመሥርቶ፣ በ1947 ዓ. ም. ቆዳ ባነሰበት ጊዜ መያዣው ከቀርከሃ የተሠራ ቦርሳ በማውጣት ዝና ያተረፈው ይህ ቤት፣ በ1979 ዓ. ም. በፕላስቲክ ከተቀባ ሸራ የተሠሩ ርካሽ ቦርሳዎችና ልዩ ልዩ ጥቃቅን ዕቃዎች በየመደብሩ እንዲሸጡ አደረገ። ገቢው ለጊዜው አደገ፤ ስሙ ግን በየአውሮፕላን ጣቢያው የሚታይ ተራ ነገር ሆነ፤ በቤተ ሰቡ መካከል የተነሣው ክስም ተጨመረበት። ከ1989 ዓ. ም. ጀምሮ የመጡት ሥራ አስኪያጆች ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር አዲስ ዕቃ ማውጣት አልነበረም፤ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ከሽያጭ ማስወጣትና ስሙን የሚሸጡትን መደብሮች ቁጥር መቀነስ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ገቢው ወረደ፤ ኪሳራም መጣ፤ በ1993 ዓ. ም. የመጨረሻው የቤተ ሰቡ ባለ ድርሻ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። በ1994 ዓ. ም. ቶም ፎርድ የልብስና የዕቃውን ቅርጽ በሙሉ በኃላፊነት ከያዘ በኋላ ግን ቤቱ እንደገና ተነሣ። በርበሪም በጃፓን ከ1970 ዓ. ም. ጀምሮ በፈቃድ ስሙን ይጠቀም የነበረውን ኩባንያ ውል በ2015 ዓ. ም. ሲያልቅ ያላደሰው፣ ብዙ ገቢ እያጣ መሆኑን እያወቀ፣ ለዚሁ ምክንያት ነው።

ስምን ለመጠበቅ የሚደረገው ሥራ አንዳንድ ጊዜ ኅሊናን የሚያስጨንቅ መልክ አለው። ያልተሸጠ ዕቃ በርካሽ ገበያ ከወጣ ስሙን ያዋርዳል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ዕቃውን ማጥፋት በዚህ ንግድ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። በ2018 ዓ. ም. በርበሪ ባወጣው የዓመት ሒሳብ ውስጥ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያለቀለት ዕቃ ማጥፋቱ በታወቀ ጊዜ ሕዝብ ተቆጣ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ይህን ልማድ መተዉን አስታወቀ። ፈረንሳይም ያልተሸጠ ልብስና ሌላ ዕቃ ማጥፋትን በሕግ ከልክላ፣ ክልከላው ከ2022 ዓ. ም. መባቻ ጀምሮ እንዲሠራ አደረገች። አንድ ዕቃ ከሚለበስ ይልቅ ቢቃጠል ለባለቤቱ ይሻለዋል ከተባለ፣ የሚሸጠው ዕቃው አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

ሌላው ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ዋጋ ሠራተኛው የሚደርሰው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በሰኔ ወር 2024 ዓ. ም. የሚላኖ ፍርድ ቤት በኢጣልያ የዲዮርን ቦርሳዎች የሚያሠራውን ድርጅት በፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ሥር አስቀመጠው። በምርመራው እንደ ተገለጸው፣ በመደብር 2,600 ዩሮ የሚሸጥ አንድ ቦርሳ ተገጣጥሞ እንዲያልቅ ለንዑስ ሥራ ተቋራጩ የተከፈለው፣ የቆዳውን ዋጋ ሳይጨምር፣ 53 ዩሮ ነበር፤ በእነዚያም የሥራ ቤቶች ሠራተኞች ከሥራው ቦታ ሳይለዩ እያደሩ ይሠሩ ነበር። ድርጅቱ የተጠየቀውን ማሻሻያ ማድረጉ ታይቶ ቁጥጥሩ በየካቲት 2025 ዓ. ም. ከተወሰነለት ጊዜ በፊት ተነሣለት። ነገር ግን 53 እና 2,600 የሚሉት ቁጥሮች ከገዢዎች አእምሮ በቀላሉ የሚጠፉ አይደሉም። ገዢው ውድ ዋጋ ሲከፍል የሚያስበው በብርሃን የተሞላ የሥራ ቤትና ሙያውን ከአባቱ የወረሰ አንድ ሽማግሌ ነው። ይህ ሥዕል ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚፈርሰው በፋብሪካው ያለው ነገር ብቻ አይደለም፤ በመደብሩ ያለው ዋጋም ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ነገር ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ሳለ ጠንካራ፣ ለእጅም ለስላሳ ስለ ሆነ፣ በጓንት ሥራ ዓለም ከሁሉ ከሚመረጡት ቆዳዎች መካከል የሚቆጠር ነው። ጓንቱን የሚያጠልቀው ሰው ግን የሚያውቀው በውስጡ የተሰፋውን የኤውሮፓ ቤት ስም እንጂ በጉ የተሰማራበትን ደጋ አይደለም። ቆዳው በኪሎና በጫማ ስፋት ይሸጣል፤ ስሙ የሚሸጠው ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ለመለወጥ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ የሚታወቀውም በመጀመሪያ በቡና ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ዓ. ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ። የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ በሰኔ ወር 2007 ዓ. ም. ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተፈራረሙ። የክርክሩ ቁም ነገር የቡናው ጥራት አልነበረም፤ ጥራቱን ሁሉም ያውቃል፤ የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነበር።

በልብስ በኩል፣ በሞዴልነት የታወቀችው ሊያ ከበደ በ2007 ዓ. ም. ለምለም የተባለውን ድርጅት የመሠረተችው በአዲስ አበባ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ የጥጥ ልብስ በአማርኛ ስም ለውጭ ገበያ ለማቅረብ ነው። የተሸመነው ልብስ የተሸመነበትን አገር ቋንቋ ስም ይዞ መሸጡ ከጓንቱ ታሪክ የተለየ መንገድ ነው። በሌላ በኩል፣ የጥበብን መልክ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አትመው ከውጭ አገር የሚያስገቡ ነጋዴዎች በአዲስ አበባ ገበያ በዝተዋል። የታተመው ቀሚስ ርካሽ ነው፤ ለብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ስለዚህ ገዢውን መውቀስ አይገባም። ሸማኔው ግን ሥራው ከታተመው መለየቱን ለገዢ የሚያስረዳበት አንዳች ምልክት ከሌለው፣ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ይሆናል፤ በዋጋ ደግሞ እጅ ከመኪና ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የቀሚስ ነጋዴ በአንድነት ሆነው አንድ የታወቀ ምልክት በቀሚሱ ውስጥ ለመስፋት ቢስማሙ፣ ዎርዝ ከሠራው ጥብጣብ የበለጠ ወጪ አይጠይቃቸውም። አስቸጋሪው ክፍል ጥብጣቡን መስፋት ሳይሆን፣ ጥብጣቡ ያለበት ቀሚስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥራት እንዲኖረው መጠበቅ፣ መናኛ የሆነውንም ምልክቱን ነቅሎ ያለ ስም ለመሸጥ መጨከን ነው።

በሕግ በኩል የሚያስፈልገው ነገር አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 በግል ነጋዴ የተያዘን ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ በማኅበር የተሰበሰቡ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክትም ለማስመዝገብ ይፈቅዳል። ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልቅ ለተጨማሪ 7 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ጥበቃው በመሠረቱ የሚሠራው ምልክቱ በተመዘገበበት አገር ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ የመጀመሪያውን ጭነት ከመላኩ በፊት በሚሸጥበት አገርም ማስመዝገብ ይኖርበታል።